ጨርቅ የለበሰችው የጋአን ሊባህ አውቶቡስ

ማክሰኞ ንጋት፣ ጅግጅጋ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ሁለት ጋሎን ቀለም፣ ቲነር፣ ስቱኮ፣ የብርጭቆ ወረቀት ይዣለሁ። መኪና ቀቢ ነኝ። የሽርሽር ወሬ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ገጽ ግለጡ።

የጠራኝ ሐሰን ነው። ድሬዳዋ ያደገ፣ ከጦርነቱ በፊት ከሐርጌሳ በርበራ ሕዝብ ያመላለሰ ሹፌር። ያቺን አሮጌ ፊያት አውቶቡሱን እስከ ዛሬ አልጣላትም። አላፊ አግዳሚው ግን ጽፎባት፣ ቧጭሯት፣ መስኮቷን በድንጋይ ሰብሮ ጨርሷታል። «አቦ፣ ቶሎ ና!» አለኝ በስልክ። «ልጄ ለብረት ቆራጭ ሊሰጣት ነው። ቀብተን እንያት ብዬ ለምኜዋለሁ። ዓርብ ጠዋት መጥቶ አንድ አዲስ ጭረት ካገኘ አለቀላት።»

በሰው ዕቃ ላይ የሚጽፍ ሰው አልወድም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቀን ስቀባ ውዬ ማታ ሀ ሁ እያልኩ። እነዚህ በልጅነታቸው ያገኙትን ፊደል በምስማር ቆርቆሮ ላይ ይጨርሱታል።

ረፋድ፣ ውጫሌ

ድንበሩ ገመድ ነው። አቧራ፣ የአህያ ጋሪ፣ እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል። ፈታሹ ጣሳዬን ነካ ነካ አድርጎ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀኝ።

«ለቤት?»

«ለአውቶቡስ።»

«አዲስ?»

«በዕድሜ ካንተ ትበልጣለች።»

ሳቀና አሳለፈኝ።

እስከ ሐርጌሳ አንድ ወንበር አምስት ዶላር። የመኪናው መሪ በቀኝ ነው፣ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ማለፍ ሲያምረው መንገዱ አይታየውም፤ በግራ የተቀመጥኩትን እኔን ይጠይቃል። «አደር፣ ይመጣል?» አደር አጎቴ ማለት ነው።

«እኔ ምን አገባኝ?»

«አብረን እኮ ነው የምንሞተው» አለ።

ከገቢሌይ ከተማ ወዲያ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ የምነዳው እኔ ነበርኩ። «ቆይ... ቆይ ብዬሃለሁ... አሁን እለፍ!»

ከሰዓት፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ሐርጌሳ

ሐሰን ጺሙን በሒና አቅልቶ ጠበቀኝ። አንቱ ስለው ተቆጣ። «አቦ፣ ድሬ ላይ አንቱ የለም!»

አውቶቡሷ በቆርቆሮ ታጥራለች። አጥሩ ራሱ በስልክ ቁጥር ተሞልቷል። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ከሥሯ የሰፈር ቆሻሻ ተጥሏል። በመስኮት የገቡት ድንጋዮች ወንበሮቿ ላይ ቁጭ ብለው ተሳፋሪ መስለዋል። ጎኗ ላይ ልብ፣ የኳስ ቡድን፣ የሰው ስም፤ ሁሉም በላቲን ፊደል ነው፣ ለእኔ ያው ጭረት። ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ማን እንደሚቧጭር ሐሰን በሶማልኛ ጠየቀልኝ። «አላየሁም» አለች።

«የሐርጌሳ ጎረምሳ እኮ...» ብዬ ስጀምር ሐሰን እጄን ይዞ ወደ ኋላው በር ወሰደኝ። «ይቺን አንብብልኝ።»

አማርኛ ነበረች። «እዝህ ነበርኩ። ሹፌር ታዴ።»

የእኛው ሰው! በበርበራ መስመር ጭነት የሚያመላልስ መሆን አለበት። «እዚህ»ን እንኳ አስተካክሎ አልጻፈም።

«ምን ይላል?»

«ሹፌር ነኝ ይላል።»

«የሙያ ወንድሜ!» ብሎ ሳቀብኝ። ስለ ሐርጌሳ ጎረምሳ አፌን ዘጋሁ።

የዐስር ሶላት ሰዓት፣ ዋሄን

የመስኮት ፕላስቲክ ልንገዛ ገበያ ወረድን። መኪና አያልፍም፤ ሰው በትከሻ እየተገፋፋ ነው የሚሄደው። መንዛሪዎቹ የሺሊንግ እስር እንደ ጡብ መንገድ ዳር ደርድረዋል። አዛን ሲባል አንዱ ብድግ ብሎ ገንዘቡ ላይ ጨርቅ ጣል አደረገና ወደ መስጊድ ሄደ። ጠባቂ የለ፣ ቁልፍ የለ። ሌባ ሲመጣ ለማየት ቆምኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«ጨርቅ ምን ይጠብቃል?» አልኩ።

«አይጠብቅም። ባለቤቱ ሶላት ላይ ነው፣ ይመለሳል ይላል እንጂ።»

«ያንተ አጥርስ? ባለቤቷ ሞቷል ነው የሚለው።»

ፊቱ ጠቆረ። ደስ የሚል ንግግር አልተማርኩም። የግመል ወተት ሻጮቹን ስናልፍ ቆም አለና፣ «አቦ፣ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃታል?» አለኝ።

ረቡዕና ሐሙስ

አጥሩን ነቀልን። ቆሻሻውን ጠረግን፣ ጎማ ነፋን። ድንጋዮቹን ከወንበሮቿ አውጥቼ ግድግዳ ሥር ከመርኳቸው። ስቱኮ ሞላሁ፣ ፈገፈግኩ፣ ቀባሁ፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ክሬም፣ እንደ ድሮዋ። የታዴንም አልማርኩም።

የሐሰን ሚስት ኸድራ ጅግጅጋ የተወለደች ናት፤ ዋሄን የሴት ልብስ ጨርቅ ትሸጣለች። ገዢ ያጣውን ሁሉ፣ ሐምራዊውንም አበባ ያለበትንም፣ እየቀጣጠለች ሰፋችው።

«ሙሽራ ናት አውቶቡስ?» አልኳት።

«አንተ ቀለምህን ቀባ! የሷን ልብስ ለእኔ ተወው።»

አንዲት አሮጊት ቆመው አዩን። ሙሽራ ሆነው በርበራ ወደ ባላቸው የወሰደቻቸው ይቺ አውቶቡስ እንደሆነች ነገሩን። በዒድ ሰፈሩን ጭኖ ባሕር ዳር ማድረስ የሐሰን ምኞት ነው፤ ሞተሯ ይነሳል። «እርስዎ ፊት ወንበር!» አላቸው። ለእሳቸውስ አንቱ ይላል።

ሐሙስ ማታ ቀለሙ ደርቆ አለበስናት። ሐሰን ውጪ ካላደርኩ አለ።

«አንተ ከጠበቅካት የጨርቁን ነገር በምን እናውቃለን?» አለችው ኸድራ።

ወደ ቤት ስንገባ ነፋሱ ተነሳ። የሐርጌሳን ነፋስ የማያውቅ ሰው ጨርቅ ጣል አድርጎ ይተኛል። እኔ ግን ጨርቁ በርሮ ሄዷል ብዬ ቆርጬ ነው የተኛሁት።

ዓርብ ጠዋት

የሐሰን ልጅ ፋርሐን ከማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር መጣ። አዲስ አበባ የተማረ ነው፣ አማርኛ ከእኔ በተሻለ ያነባል። የብረት ቆራጩን ቁጥር ስልኩ ላይ አውጥቶ ይዞታል። አራታችንም ወደ አውቶቡሷ ሄድን።

ጨርቁ አልበረረም። መሬት የነካው ጫፉ ላይ፣ ዙሪያውን፣ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«አባ፣ አንተ ነህ?»

«ወላሂ አይደለሁም!»

ኸድራም አይደለችም። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ክምሩ የለም። ጨርቁን የያዙት መስኮቷን የሰበሩት ድንጋዮች ናቸው።

ሐሰን ሻይ ሻጯን ማን እንዳደረገው ጠየቃት። «አላየሁም» አለች፣ እንደ ማክሰኞው። ስኳር እያማሰለች ደግሞ አከለችበት፤ «ነፋስ ነበር እኮ።»

ፋርሐን አንዱን ድንጋይ አንስቶ ጨርቁን ገለጠ። ጎኗን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞራት። ጭረት ፈልጎ አጣ። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«በዒድ በርበራ ትደርሳለች?»

«ኢንሻአላህ» አለ ሐሰን። «አንተ ብቻ ስንቁን አምጣ።»

ባዶ ጣሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ውጫሌ መኪና ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ አየሁ። ፋርሐን ጎንበስ ብሎ፣ ያነሳውን ድንጋይ ቦታው እየመለሰ ነበር።