መንገዱ ሲቆረጥ የፈለግኳቸው ቁጥሮች

ባለቤቴ የእርዳታ እህል ጭኖ ከነጌሌ ወደ ዶሎ ኦዶ በወጣ በማግስቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከፊልቱ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው፤ የስልክ መስመሩም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ የጭነት መኪና ከነሾፌሩ ጎርፍ ወስዶታል አሉ። የማን መኪና እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከኛ ከተማ የወጡት መኪኖች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የባለቤቴና ከጎናችን ባለው ግቢ የሚኖረው የጓደኛው።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቀኑን የምገፋበት አጣሁ። ላፕቶፔን ከፍቼ ለተማሪዎቼ የጻፍኩትን አጭር ፕሮግራም አወጣሁ። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለውን ነው፤ ሌሎቹ በእነዚህ ብዜት ይሠራሉ። ፕሮግራሙ ተከታታይ የሆኑ ሦስት ቁጥሮችን ይፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው ልክ ሦስት የተለያዩ ብቸኛ አካፋዮች ያሏቸውን። 644፣ 645፣ 646 ወዲያው ወጡ። አራት ተከታታይ፣ ለየራሳቸው አራት አካፋይ ያላቸው አልኩት፤ ትንሽ አስጠብቆ አመጣ። አምስት ስለው ዝም አለ። እኔም እያሻሻልኩ እንደገና አስነሳዋለሁ።

አማቴ ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከኛ ጋር ይኖራሉ። የላፕቶፑ ፊደል መምቻ ድምፅ አላስቀምጥ አላቸው።

«ልጄ ውሃ መሀል ሆኖ አንቺ ትጫወቻለሽ?»

«ጨዋታ አይደለም፣ እማዬ። ቁጥር እየፈለግሁ ነው።»

«ካገኘሽው ልጄ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ታዲያ?»

«እጄ ሥራ ካልያዘ ሐሳቤ ወንዙ ውስጥ ይገባብኛል።»

ቁጣቸው በረደ። አጠገቤ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔም ስለት ልሳል ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። ልጄን አትርፍልኝ ስል፣ የጎረቤታችንን የዚያችን ልጅ ባል ውሰድ ማለቴ አይደለም?»

እኔም ያንኑ ሳስብ ነበር የከረምኩት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ባለሱቁ ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ገባ። የወንድሙ ልጅ ጎርፉን በእግር ዞሮ መምጣቱ ነው።

«አካም፣ ናጋ?» ሲሉ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቁት አማቴ ከመቀመጫቸው እየተነሡ።

«ናጋዳ። ልጅዎ ደህና ነው፤ የወንድሜ ልጅ በዓይኑ አይቶታል።»

«ያኛውስ?»

አንገቱን ደፋ። «ለሚስቱ አልተነገራትም። ሽማግሌዎቹ ነገ ጎህ ሲቀድ ያረዷታል።»

ልጮህ አፌን ስከፍት አማቴ መዳፋቸውን ጫኑብኝ። «ዋ! እንዳትሰማሽ!»

ባለሱቁ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ እሷው መጣች፤ ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ።

«ባለሱቁ ከናንተ ሲወጣ አየሁት። የሰማችሁት አለ?»

«ስኳር አምጥቶልን ነው» አሉ አማቴ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። መጥታ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

አስረዳኋት። የምናገረውን አላውቀውም፤ ብቻ ስለ አካፋዮቹ፣ ስለ ሦስቱ፣ ስለ አራቱ ለፈለፍኩ። ጣቴ አንዱን ፊደል ስቶ ሌላውን ይመታል። እሷ ግን ከልቧ ሰማችኝ።

«አምስቱን አገኘ?»

«ገና ነው።»

«አይዞሽ፣ ያገኛል» አለችኝና ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

እንባዬ መጣ። በባሌ ጭንቀት የማለቅስ መስሏት እሷም አብራኝ አለቀሰች። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ሲጠፋ ማናችንም አላየነውም።

ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎቹ በራችን ላይ ተሰበሰቡ። አማቴ ጥቁር ለብሰው ከፊት ሆኑ፤ እኔ ተከተልኳቸው። በሯን ከፍታ እኛን ስታይ ከሁሉ በፊት ያየችው እኔን ነበር።

«አንቺ ትናንት...» አለች። አልጨረሰችውም።

ባሌ መንገዱ ተጠግኖ ሲመለስ ወደ ቤታችን አልገባም። ቀጥታ እሷ ደጅ ሄዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እሷ ናት እጁን ይዛ ያነሣችው። እኔን ግን ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን ከመመለስ በቀር አላናገረችኝም።