የነቀልኳቸው ሁለት ሪሌዎች

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ከድር የአይሱዙውን የፊት መብራት በሪሌ ሊያሠራው እንደሆነ ነገረን። የምትሠራለት ቴክኒክ ተምራ የወጣች ልጅ ናት። አባቱ ኑሪ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

"የሴት እጅ ይላላል ልጄ። አንዴ አሠርቼ ዳገት ላይ ቀርቼ ነበር፤ እናትህን ጠይቃት።"

ከድር ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳህን ላነሳ ተነሣሁ።

ያኔ ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ኑሪ በአሮጌ ፒክአፕ ከቦኖሻ እሸት በቆሎ እየጫነ ሆሳዕና ያመጣ ነበር። የመኪናው መብራት ጋዝ እንዳለቀበት ፋኖስ ነው። በክረምት ዳገቱን ሲወጣ ጉም ይውጠዋል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቆጮው ይቀዘቅዛል፣ አሞቀዋለሁ፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ።

ከዱራሜ መጥታ አጎቷ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ሰሚራ የምትባል ልጅ ነበረች። "አምፖሉ ደህና ነው፣ የደከመው ሽቦው ነው" አለችው። ኑሪ እራት ላይ አስረዳኝ። በአሮጌው ሽቦ ኃይሉ በማብሪያው በኩል ዞሮ ሲመጣ መንገድ ላይ ያልቃል። ሪሌ ከገባ ግን ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ኃይሉ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ይሄዳል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ይህ ግን ገብቶኛል። ያልገባኝ "ሰሚራ እንዳለችው" ሲል ድምፁ ለምን እንደሚለሰልስ ነበር።

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ምሳው ሰበብ ነው። ሰሚራ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብላለች። ኑሪ መሪው ጋ ተቀምጧል።

"አብራ!" አበራ።

"አጥፋ!" አጠፋ።

"አጥፋ አልኩህ እኮ! ፍሬቻውን ማን ንካ አለህ?"

ሁለቴ ሳልለምነው ውሃ የማያቀብለኝ ሰው! አንድ ሹፌር "ኑሪ፣ ቤትህም እንዲህ ነህ እንዴ?" ሲል ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰሚራ አይታኝ ጠራችኝ። "ነይ እይው እህቴ፣ ከእንግዲህ በር ላይ አያቆምሽም።" የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ነገሮች አሳየችኝ። "ዋናው እነዚህ ናቸው፤ ከወጡ ጨለማ ነው።" ደግነቷ ነበር። እኔ ግን ጉራ አድርጌ ቆጠርኩት። በር ላይ እንደምቆም ማን ነገራት? እሱ ነዋ።

በማግስቱ ኑሪ መኪናውን አቁሞ የአስር ሶላት ሊሰግድ ሲሄድ ኮፈኑን ከፍቼ ሁለቱንም ነቀልኳቸው። ሐሳቤ አጭር ነበር፦ እንደ ልማዱ አዲስ ነገሩን ለጎረቤት ሊያሳይ ሲያበራ እምቢ ይለዋል፣ ይናደድባታል፣ ያበቃል። ነገር ግን ዝናብ መጣና ሳያበራ ቀረ። ጠዋት እኔ ውሃ ልቀዳ ቦኖ ተሰልፌ ሳለ፣ ኑሪ በጠራ ፀሐይ ቦኖሻ ገበያ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ያኔ ሞባይል የለን። ሪሌዎቹን በሻሼ ጠቅልዬ ሰሚራ ጋ ሮጥኩ። መዳፌን ስከፍት አየች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። "ቶሎ ነይ" ብቻ አለችኝ። ቁልቁል በሚሄድ ጭነት መኪና ተሳፈርን።

ዳገቱ ላይ ደረስንበት። በጉሙ ውስጥ ቆሟል፤ ከኋላው የመጣ አይሱዙ ለጥቂት ነው የሳተው። ሰሚራ ኮፈኑን ከፍታ በጀርባዋ ከልላ ሰካቻቸው፤ መንገዱ ቦግ አለ።

"ምን ሆኖ ነው?" ጮኸባት ኑሪ።

አንዴ አየችኝ። "ሶኬቱ ላልቶ ነው፤ ሳላጠብቀው መቅረቴ ትዝ ሲለኝ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"በሰው ነፍስ ትቀልጃለሽ? ማማሰያ የለመደ እጅ ምን አገባው ሽቦ ውስጥ!"

ሹፌሮች ቆመው ይሰማሉ። እኔም ቆሜ ሰማሁ። ወሬው መናኸሪያ ደረሰ፤ መኪናውን የሚሰጣት ጠፋ። ጥቂት ቆይታ ወደ ዱራሜ ተመለሰች። ሲነግሩኝ እፎይ አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ባለፈው እሑድ ያነሣኋቸውን ሳህኖች መልሼ አስቀመጥኳቸው።

"አልላላም ነበር" አልኩ።

"ምኑ?"

"ሶኬቱ። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ቀንቼ።"

ከድር ሊስቅ አለና የአባቱን ፊት አይቶ ተወው። ኑሪ "ያቺን ልጅ እኮ ሰው ፊት ሰደብኳት" አለና ምግቡን ትቶ ወጣ።

ስትሄድ ቅናቴም አብሯት የሄደ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ባሌን አስባውም አታውቅ፤ ያ ገብቶኛል። አሁን የምቀናው፣ እውነቱን ብትናገር ስሟን ታድን እንደነበር እያወቀች የእኔን ገበና በሸፈነችበት አፏ ነው። እኔ የራሴን ጥፋት ለመናገር ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀሁ፤ ያውም እሷ በማትሰማበት ቤት።