ከፊርማዬ በላይ የነበረው ባዶ ቦታ

ያሰሩኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ሰው ጀርባውን እያስደገፈ ስለተቀመጠበት እስከ ትከሻ ድረስ ጠቁሯል፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የመንዝን ብርድ ለማያውቅ ሰው ሲሚንቶ ላይ ማደር ምን እንደሆነ ብነግረውም አይገባውም። ቤቱ ያለባትን ከተማ ስም አልጽፍም። ነዋሪዎቿ ምንም አላደረጉኝም።

የያዙኝ ከመሐል ሜዳ ገበያ፣ ጡረታ ወጥቼ ወደምኖርባት ወደ ቀየት ስመለስ ነው። ለፍተሻ ሚኒባሱን አስቁመው ሁላችንንም አወረዱን። ከቦርሳዬ ማኅተም ያለበት ፖስታ ወጣ። አዲስ አበባ ያለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ነው፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት እዚያ ነበር። የሥራ ልምድ ማስረጃዬን አሽገው የሰጡኝ በዚያ ፖስታ ነው። ማስረጃውን ለጡረታ ጉዳዬ አስገባሁና ፖስታው ጠንካራ ስለሆነ መታወቂያዬን አኖርኩበት።

«ደብዳቤው የታለ?» አለኝ ፈታሹ።

«ለጡረታ መሥሪያ ቤት ሰጠሁት።»

«ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለጡረታ መሥሪያ ቤት አልኩህ። ጆሮህን ብርድ መታው እንዴ?»

ሌሎቹ ተሳፍረው ሲሄዱ እኔ የቀረሁት በዚህች መልስ ይመስለኛል።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የራቤል ሰው ናት፣ በግ ነጋዴ። ሥራዬን ስነግራት ሳቀች።

«እትዬ፣ የተዋሕዶ ልጅ ሆነው ለካቶሊክ ቄስ?»

«እንጀራ ነው እንጂ ቁርባን አልተቀበልኩም» አልኳት።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በጽዳት ሠራተኝነት ገባሁ፤ ቀጥሎ ደብዳቤ አመላላሽ ሆንኩ፤ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በር ላይ በረዳትነት አስቀመጡኝ። ፕሬዚዳንቱ ቄስ ናቸው፤ አባ እንላቸዋለን። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ የሚፈረም አስገባለሁ፣ ባለጉዳይ በተራው እንዲገባ አደርጋለሁ። ከሁሉ የምወደው ተራ ማስከበሩን ነበር። ባለመኪናውንም ባለነጠላ ጫማውንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የማስቀምጣቸው።

አባን ግን አልወዳቸውም ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ቁጡ ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት በራቸው ላይ ስቀመጥ «እንዴት አደርሽ» ያሉኝ ቀን ጥቂት ነው። የሥራዬ የመጨረሻ ቀን አዲስ ነጠላ ለብሼ፣ ይሰናበቱኛል ብዬ እስከ ማታ ጠበቅኋቸው። ለካ በጎን በር ወጥተው ስብሰባ ሄደዋል። ይህን ለበግ ነጋዴዋ ነገርኳት። እስር ቤት ውስጥ ሌላ ምን ወሬ አለ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ከጎኑ ቃል የሚጽፍ ፖሊስ ተቀምጧል።

«እማማ፣ እርስዎ ማተብ ያሰሩ የመንዝ ሰው ነዎት» አለኝ፣ ድምፁን ማር አድርጎ። «እኚህ ሰውዬ ግን እንደ ገረድ ሲያሠሩዎት ኖሩ። ሲሸኙዎትም በጎን በር ነው የወጡት አሉ።»

ስለ ጎን በሩ እዚያ አገር የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ነገሩ ገባኝ።

«ደብዳቤውን ጫካ ላሉት አድርሺ ብለው ሰጡዎት። እርስዎ አያውቁም፣ አድራሽ ብቻ ነዎት። ይፈርሙና ለምሳ ቤትዎ ይደርሳሉ።»

ቤት ሲለኝ እርሻዬ ትዝ አለኝ። ገብሴ ደርሷል፤ የሚያጭድልኝ የለም፤ ማለዳ ማለዳ ውርጭ መውረድ ጀምሯል። ያን ሁሉ አሰብኩ። ግን እኔ ለምሳ ቤቴ ብገባ እኚያ ሽማግሌ ለእራት እዚህ ሲሚንቶ ላይ ናቸው።

የምፈርምበትን ወረቀት አንሥቶ አነበበልኝ። ያነበበው ሦስት መስመር ያህል ነው። ወረቀቱን ሳየው ግን ጽሑፉ ገጹን ሞልቶታል።

«መነጽሬን አምጡልኝ» አልኩ።

«አነበብኩልዎ እኮ።»

«ላንተ አነበብክ። የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«ስንተኛ ክፍል ነው የተማሩት?»

«ስድስተኛ።»

«ታዲያ ይህን በስድስተኛ ክፍል ይዘልቁታል?»

«ቀስ ብዬ።»

መነጽሬን የገባሁ ቀን መዝገብ ቤት ወስደውት ነበር። ጸሐፊው ፖሊስ ሄዶ አመጣው። ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ማንበብ ጀመርኩ። መርማሪው ስልኩን ይነካካል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል።

«አንቺ ባልቴት፣ ጨርሺ እንጂ!»

«አንቱ በለኝ። የወለደችህ ብትሰማህ ታፍርብሃለች።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ እየሳቀ ነበር።

ወረቀቱ «ደብዳቤው ለታጣቂዎች መሆኑን እያወቅሁ ተቀበልኩ፤ ከዚህ በፊትም አድርሻለሁ» ይላል።

«ይህን አላልኩም» አልኩ።

«እሺ፣ ያልሽውን በይ!» አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ጻፍላት፣ እንገላገላት።»

ጸሐፊው አዲስ ወረቀት ሳበ። እኔም ተናገርኩ፦ «አባ ቁጡ ሰው ናቸው። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቴ ተቆጥተውኛል። ጡረታ ስወጣ አልተሰናበቱኝም። በዚህ እስከ ዛሬ ቅሬታ አለኝ። ለጫካ ሰው የሚደርስ ደብዳቤ ግን አልሰጡኝም። የሰጡኝ የራሴን የሥራ ማስረጃ ነው።»

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ መርማሪው ለዘበ፤ አንቱታውም ተመለሰ። «ይሁን እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለና ጣቱን ከገጹ ግርጌ ላይ አኖረ።

ጽሑፉ ያለቀው ገጹ አጋማሽ ላይ ነው። በቃሌና በጣቱ መካከል ያለው ቦታ ሌላ ደብዳቤ ያስጽፋል።

በረዳትነት በተቀመጥኩ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለ ወረቀት ለአባ ለፊርማ አስገብቼ ነበር። ወርውረው መለሱልኝ። «በዚህ ባዶ ቦታ ሌላ ሰው ያልኩትን ሳይሆን የፈለገውን ይጽፍልኛል! ሠርዢው!» አሉ፤ ጩኸታቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከእጄ ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ባዶውን ቦታ ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ በሰያፍ ሠረዝኩት። መሥመሩን እንደ ፈር ቀጥ አድርጌ ነው ያወጣሁት። ከዚያም ከመጨረሻው ቃሌ ሥር፣ ትንፋሽ እንኳ በማያስገባ ቦታ፣ ፈረምኩ።

«ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ወረቀቱን ነጠቀኝ።

«ማንም። ባዶ ቦታ ይሠረዛል። የቢሮ ሥርዓት ነው፤ አንተም ልመደው።»

በሩን አላትሞ ወጣ። ጸሐፊው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ወደ በሩ አየት አደረገና «መነጽሩን ይያዙት፣ እማማ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ስመለስ በግ ነጋዴዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ልጆችሽን እንድታዪ እፈቅድልሻለሁ ብሎኝ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ጨርቄን አንሥቼ ወደ በሩ ተዛወርኩ። በበሩ ሥር ነፋስ ይገባል፤ ከእሷ እሱ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አቆዩኝ። አንድ ቀን ጠዋት «ውጪ» አሉኝ፤ ወጣሁ። ለምን እንዳሰሩኝም ለምን እንደፈቱኝም የነገረኝ የለም። ገብሴን ውርጭ ጨርሶታል። ይቅርታ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ እኔም ይቅር ያልኩት የለም።

አባ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ የዚያን ቀን የሆነውን አያውቁም። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ «ንገሪያቸው እንጂ፤ ይጸልዩልሽ፣ ያመስግኑሽ» ትለኛለች። አልነግራቸውም። የተሟገትኩት ለፍቅራቸው አይደለም፤ ቢያመሰግኑኝ የታረቅን ይመስላቸዋል። ያላደረጉትን አላደረጉም ብያለሁ። ያደረጉትን ግን አድርገዋል።