ለዓይን ብርሃን የሚሆን ቅጠል

ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የድሮ እንግሊዞች ስለ መድኃኒት ቅጠል የጻፏቸውን መጻሕፍት ማንበብ ያዙ። እዚህ በስደት አገር፣ ሳን ሊያንድሮ ወዳለው አፓርታማቸው ስሄድ ማጉያ መነጽር ይዘው አገኛቸዋለሁ። ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ አለባቸው፤ የሚታያቸው ነገር ከዳር እየጠበበ ነበር።

አንድ ቀን "ነይ ስሚ" ብለው አነበቡልኝ። ጤና አዳምና እንስላል ዓይን ያጠራሉ ይላል፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈው። ሳቄ መጣ። እናታችን ይህንኑ ጤና አዳም ስትቀጠቅጥ "ኋላ ቀርነት" እያሉ ያሾፉባት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ተማሪ ነበሩ፣ አገር ሊያዘምኑ። እንግሊዝ ሲለው ግን እውቀት ሆነ።

ጤና አዳሙን ከሳን ሆዜ ቤቴ በጣሳ ተክዬ የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ። እንስላሉማ እዚህ አገር በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ለሻይ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሐኪም ያዘዘላቸው አዲሱ የዓይን ጠብታ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት።

"ጋሼ፣ ጠብታውንስ?"

"እሱ በርን ያደርገኛል፣ ያቃጥለኛል። በቅጠሉ ውኃ እየታጠብኩ ቤተር ነኝ፣ ተሽሎኛል። ለዶክተሩ እንዳትነግሪ፤ መድኃኒት ከተወራ ይረክሳል።"

ይህቺን እንኳ ከእናታችን ወስደዋል።

በቀጠሯቸው ቀን፣ ኦክላንድ፣ ሐኪሙ ጠብታውን በየቀኑ ያደርጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። "ኤቭሪ ዴይ" አሉ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ አልሆነልኝም፤ "አዎ" አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ያን ቀን ደባቂዋ እኔ ነበርኩ።

ወራት አለፉ። ግራ ዓይናቸው ጠፋ፤ ቀኙ ጥላ ብቻ ያያል። የጠፋው እንደማይመለስ ሐኪሞቹ ነገሩን። አዘንኩ፤ ከሐዘኑም ይልቅ ተናደድኩ፣ በእሳቸውም በመጽሐፉም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ።

ባለፈው እሑድ ምሳ አቀረብኩላቸው።

"እኔ ያን ቀን የዋሸሁት፣ ጠብታውን ተውኩት ብል በሰርጀሪ ዓይንህን እንቅደድ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው" አሉ። "አንቺ ምን ሆነሽ ነው?"

አክብሬዎት ነው ልላቸው ነበር። አፈርኩ። እጃቸውን ይዤ ወደ ሳህኑ መራሁት።