ሊሳለም የሄደው ጫማ

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጋፋት አጠገብ ነበር። እኔ ያለሁት ዓረብ አገር ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። የምልክላት ዕቃ ሁሉ ቤት ሲደርስ ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር። ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ ለእንግዳ ተቀመጠ። ፍሪጁ መብራት እየጠፋ ቢያስቸግር የሽሮና የምስር ማስቀመጫ ሆነ። ስደውል ትመርቀኝና ወዲያው፣ አንቺስ መቼ ትመጫለሽ ትለኛለች።

አንድ የካቲት ፈቃድ አግኝቼ ገባሁ። ከእብናት ወዲያ ወዳለችው ኪዳነ ምሕረት ለንግሥ አብረን እንድንሄድ ፈለገች። እስከ እብናት በሚኒባስ ሄደን፣ ከዚያ በእግር ተያያዝነው። ለመንገዱ ብዬ ለስላሳ ጫማ ገዝቼላት ነበር። እሷ ግን አዲሱን በነጠላ ጠቅልላ አዝላ፣ በአሮጌው የላስቲክ ጫማዋ ትሄዳለች። ጠጠሩ ሲወጋት አያለሁ። አድርጊው ብላት፣ አቧራ የለበሰ ጫማ ይዤ ንግሥ አልቀርብም አለችኝ።

ጥላ ፈልገን በሶ በጥብጠን ጠጣን። በዚያ መንገድ ሙሽራ ሆና በበቅሎ ስታልፍ እንቅልፍ ወስዷት፣ ሚዜው ደግፎ እንዳደረሳት አጫወተችኝ። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አውርታኝ አታውቅም።

ቅጽሩ ጋ ስንደርስ ከወይራ ሥር ቁጭ ብላ እግሯን ተለቃለቀችና ጫማውን አደረገች። ተነሥታ ጥቂት ራመድ እንዳለች ከበሩ ደረስን። እዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። እናቴ ቆም ብላ እግሯን አየች። ጧፍ የምትሸጥ ልጅ ስታያት ቆይታ ኖሮ፣

«እማማ፣ ጫማውን አንቱ አመጡት እንጂ እሱ መቼ አመጣዎት?» አለቻት።

«እሱም ሊሳለም መጥቶ ነው፣ ልጄ» አለች እናቴ፣ እያወለቀች።

ሳቄን መግታት አቃተኝ። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ኪዳነ ምሕረት ትመስገን፣ ያቺን ቀን አልነፈገችኝም።

ስንመለስ፣ «ከእንግዲህ ዕቃ አትላኪልኝ፤ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ለገና ላሊበላ ውሰጂኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት ወሬዋ ይኸው ብቻ ሆነ። ጫማውም ተወልውሎ ላሊበላን ይጠብቅ ጀመር። ፈቃድ ሳገኝ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት አሠሪዎቼ አይለቁኝም። እንዲህ እንዲህ ስንል ጉልበቷ ከዳት። ቀጥሎ እሷም ታመመች፤ ብዙም አልቆየች። ስታርፍ እኔ የሰው ልብስ እየተኮስኩ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ እህቴ ደወለች። ልብሷንና ብርድ ልብሱን ለነዳያን ሰጥተናል፣ ጫማው ግን ሶሉ እንኳ አልቆሸሸም፣ ለአንቺ መታሰቢያ ይቀመጥ ወይ አለችኝ። መታሰቢያማ አለኝ፤ እዚህ ብቻዬን ስሆን የሚመጣብኝ ያ ሳቋ ነው፣ ከላክሁት ዕቃ አንዱም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ላሊበላ ለምትሄድ ሴት ስጪልኝ» አልኳት። «አዝላ እንዳትወስደው ግን ንገሪያት። ከቤቷ ጀምራ ታድርገው።»

እህቴ እሺ አለች። መንገዱ ግን ዛሬም አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ነው፤ ደፍራ የምትሄድ ሴት አልተገኘችም። ጫማው እስካሁን ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል።