ላግዝ ብዬ ሌባ የተባልኩ ዕለት

ሰማንያ ዓመት ሞልቶኛል፤ የዚያን ቀን እንደሮጥኩት ግን በጎረምሳነቴም ሮጬ አላውቅም።

ከሐዋሳ ወደ ዲላ ስመለስ፣ ሞያሌ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ኤርትራዊት ስደተኛ ተቀምጣለች። ከእሷ ወዲያ አንድ ጢማም ሰውዬ ጥቁር ሻንጣ ታቅፎ ያንኮራፋል። ዲላ ስንደርስ ልጅቱ ሻንጣውን በዓይኗ እያሳየች፣ «ኣቦይ፣ ሓግዙኒ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ትግርኛ የት አውቄ! ሻንጣዬን አግዙኝ ያለችኝ መሰለኝ። ከሰውየው እቅፍ ላጥ አድርጌ ተሸክሜ ወረድኩ። ለካ አድኑኝ ማለቷ ኖሯል፤ ለካ ሰውየው ድንበር አሻጋሪ ደላላ ነው፤ እንዳታመልጠው የስደተኛ መታወቂያዋን ቀምቷት እዚያው ሻንጣ ውስጥ ቆልፎበታል።

ደላላው ባንኖ «ሌባ! ያዙት!» እያለ ተከተለኝ። ደንግጬ እግሬ አውጪኝ አልኩ፤ ልጅቱም ከኋላዬ። ሦስት ባጃጅ ቀደምኩ። አራተኛው ጎማው ተንፍሶ ስለቆመ አልቆጥረውም።

መናኸሪያው በር ላይ ፖሊስ ያዘን።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ?»

«ሻንጣው የልጅቷ ነው!» አልኩ።

«ውሸታም ሽማግሌ!» አለ ደላላው። «እናቴን! ውስጡ ያለው ሁሉ የኔ ነው!»

ፖሊሱ ከፈተው። የአምስት ሴቶች መታወቂያ ወጣ። አንዱን ገልጦ ፎቶውን ከልጅቷ ፊት ጋር አስተያየና በእጇ አስጨበጣት፤ እሷም እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ከቀሩት መታወቂያዎች የአንዱን ስም አነበበና ወደ ደላላው ዞሮ ጢሙን ትክ ብሎ እያየ ካቴናውን አወጣ።

«በይ እሺ ራሄል፣ ወደ ጣቢያ ቅደሚ።»