ያልተቀመሰ ጠላ

መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስማር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ በገዛ አፌና በድምፅ ማጉያ ራሴን የኤድስ በሽተኛ አደረግሁ። በሽታው አልነበረብኝም። ይህን ለማስረዳት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ለፍቼ አንድም የሚያምነኝ ሰው አጣሁ።

ነገሩ የመጣው በአከራያችን ጠላ ምክንያት ነው። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ከገጠር መጥተን፣ ስንቃችን በየሳምንቱ ከቤት እየተላከልን፣ የእሷን ጓዳ ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ እንላታለን። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ታማ የተመለሰች ሴት ናት። ምን እንዳመማት ከማንም አልደበቀችም፤ መድኃኒቷን ደብረ ብርሃን ድረስ እየሄደች ታመጣለች፣ ስትመለስም «የት ከርመሽ ነው?» ላላት ሁሉ እውነቱን ትናገራለች። መድኃኒቱ ጉልበቷን ሲመልስላት የገብስ ጠላ ጠምቃ በራፏ ላይ ጣሳ ሰቀለች። ጣሳው ነፋስ እያወዛወዘው ከረመ እንጂ የሚገባ ሰው አልነበረም።

በእኛ አገር ጠላ የምትቀዳ ሴት በመዳፏ ጠብ አድርጋ እንግዳው ፊት ሳትቀምስ አትሰጥም። የእትዬ መከራ ከዚህ ጀመረ። ስትቀምስ ሰዎቹ እጇንና አፏን እያዩ ብርጭቆውን ሳይነኩ ተነሥተው ይሄዳሉ። መቅመሱን ስትተወው ደግሞ «ይቺ ሴትዮ ጠላዋን የማትቀምሰው ምን ብታደርግበት ነው?» ተባለ። ጋኑ እየኮመጠጠ ጓሮ ይደፋል፣ የጓሮው ጎመን ግን በጣም አማረ። አንድ ቀን ጋኑን ስታጥብ፣ «ይህኛውም ካልተጠጣልኝ ቤቱን ዘግቼ ተመልሼ ሰው ቤት እገባለሁ። በዚህ ጉልበቴ ስንት ጊዜ እንደምቆይ እንጃ» አለችን። ደነገጥን። የደነገጥነው ግማሹ ለእሷ ነው፣ ግማሹ ለማደሪያችን።

እኔ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቲሸርት ሰጥተውኛል። ሰልፍ ላይ «አብሮ በመብላት አብሮ በመጠጣት አይተላለፍም» የሚል ግጥም እንደ ቄስ ተማሪ ጮኼ አነባለሁ፤ «ተመርመሩ!» እያልኩም መምህራኑን ሳይቀር እቆጣለሁ። እኔ ራሴ ተመርምሬ አላውቅም። ይባስ ብሎ ከአልጋዬ ሥር በፌስታል ጠቅልዬ የደበቅኳት አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ነበረችኝ፤ እዚያ ቤት ከኩባያዬ በቀር በሌላ ዕቃ ውሃ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም። እትዬ ጠላ ልቅዳልህ ስትለኝ «ጨጓራዬን ያመኛል» እላታለሁ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ድንጋይ ቢሰጡኝ በምፈጭበት ዕድሜ፣ ጨጓራ! «እግዜር ይማርህ» ብላ ታልፈኛለች።

የክበቡ ስብሰባ ላይ የእትዬን ጉዳይ አነሣሁ። ገበያ መሀል ድራማ እንሥራና ሕዝቡ ይማር፣ ጠላዋም ይጠጣላት ተባለ። በሽተኛውን የሚጫወት ሰው ግን ጠፋ። መንዝ ውስጥ ሰው በራሱ ላይ አያሟርትም፤ ለቀልድ ብሎ «ሞቼ ነበር» የሚል ሰው እንኳ «ምላስህን!» ይባላል። ሴቶቹ «እናቴ ትገድለኛለች» አሉ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ» አለ፤ ሰባት ናቸው። ሊቀመንበራችን እኔን ከእግር እስከ ራስ አየና «አንተ መኳኳልም አያስፈልግህም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዚያን ጊዜ ክሳቴ የሚያስለቅስ ነበር።

የገበያው ዕለት በግ ተራ አጠገብ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ወጣን። በመጀመሪያው ክፍል በሽተኛው አልታመምኩም እያለ ይክዳል፤ በሁለተኛው ይናገራል። ፊቴን አመድ ተቀብቼ፣ አንጀቴ እስኪጎተት ስዬ ስዬ፣ ድምፅ ማጉያውን አነሣሁ።

«ወገኖቼ! ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ! አታግልሉኝ!»

ገበያው በሙሉ ወደ ካቡ ዞረ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን ደቃች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። አንድ በግ ነጋዴ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ሲይዝ የበጎቹን ገመድ ለቀቀ። አንዱ ሙክት ካቡ ላይ ወጥቶ ሐኪሙን የሚጫወተውን ልጅ በግንባሩ መትቶ ጣለው። ሊቀመንበሩ ማጉያውን ነጥቆኝ «ድራማ ነው! ድራማ ነው!» እያለ ቢጮኽም ለቅሶው ዋጠው። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ባልቴት ጉንጬን ዳበሱኝና «ተወው ልጄ፤ ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ያለውን በውሸት አይናገርም» አሉኝ።

በማግስቱ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። «አልታመምኩም እኮ!» እላለሁ። «መጀመሪያ ላይ ይክዳል ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁም?» ይሉኛል። ዕንቁላል መጣ፣ ማር መጣ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል መጣ። ጉንጬን የዳበሱኝ ባልቴት ረቡዕ ቀን ከጠበል ጋር ዕንቁላል ቅቅል ይዘው መጡና «ሕመምተኛ ጾም የለበትም» አሉ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቀበል አድርጎ «ለአስታማሚስ?» ብሎ ጠየቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉንጭ አወጣ። እኔም ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል፣ የሒሳብ መምህሩ «አንተ አትጨነቅ» ብሎ ከፈተና ሲያስቀረኝ ክህደቴን ለዚያች ሰዓት አቋርጬ ነበር።

የሚያናድደው ግን አንድ ነገር ነበር። የሚመጣው ሁሉ የእትዬን ጋን አልፎ ነው ወደ እኔ የሚገባው። እኔን አቅፎ ይስማል፣ አብሮኝ ይበላል፣ እሷን በሩቁ «እንደምን ዋልሽ» ይላል። አንዱማ ለእኔ ከቤቱ ጠላ በማሰሮ ይዞ መጣ፣ ጠላ ቤት ውስጥ! እኔ ተወልጄ ያደግሁ የአገሬው ልጅ፣ እሷ አዲስ አበባ ከርማ ታማ የተመለሰች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በንዴት ተንጨረጨርኩ። እትዬ ግን ማሰሮውን አይታ ሳቀችና «አንተስ ለመታመም ታድለሃል» አለችኝ። የሕዝቡን ድንቁርና ስረግም አምሽቼ፣ ሲጠማኝ ከአልጋዬ ሥር ኩባያዬን አወጣሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባቴ መጡ። አባቴ የሦስት ሰዓት መንገድ በአህያ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ከበራፍ አልፈው ግን እትዬ ቤት ገብተው አያውቁም። በሶውን ከደጅ ያራግፋሉ፣ በከዘራቸው ጫፍ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ይሄዳሉ። የዚያን ዕለት በርኖሳቸውን እንደለበሱ ቀጥ ብለው ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ገርጥቷል። ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ በሩን ሞልቶ ያያል።

«ውሃ አምጣ» አሉኝ።

ከድንጋጤዬ ብዛት የራሴን ኩባያ ሞልቼ አመጣሁ።

«አንተ ጠጣ መጀመሪያ።»

ግማሹን ጠጣሁ። ኩባያዋን ከእጄ ወሰዱ። በሩ ላይ ወዳለው ሰው ዞሩ፣ አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈሬ የነካበትን ቦታ ፈልገው በዚያው በኩል ጠጡ። እኩሌታው ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። አይተላለፍም የሚለውን ትምህርት ቅንጣት ታህል እንዳላመኑት ያስታውቅ ነበር። ሞት ነው ብለው ነው የጠጡት።

«ይኸው!» አሉ ለተሰበሰበው። «ልጄ ነው። ከሞትንም አብረን ነው!»

እትዬ ዓይኗን ከአረንጓዴዋ ኩባያ አልነቀለችም። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

«አባዬ፣ አልታመምኩም! ድራማ ነው!»

«ይክዳል ብለው ነግረውኛል» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ።

እጃቸውን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። መርፌዋን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ስንት ጊዜ «ተመርመሩ» ያልኩ ሰው፣ ውጤቱን ስጠብቅ በሕይወቴ የሠራሁትን ኃጢአት ሁሉ ቆጠርኩ፤ ለበሽታው የሚበቃ አንድም አልነበረበትም፤ ቢሆንም ፈራሁ። ነርሷ ነጻ መሆኔን ነገረችኝ። አባቴ እኔን ስላላመኑ ደግማ ነገረቻቸው፤ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ተነሡና ከዘራውን አነሡ።

«እንደ ኮሶ አንገሽግሾኝ ነው እኮ የጠጣሁት!» እያሉ ከጤና ጣቢያው ግቢ እስከ በግ ተራ አባረሩኝ። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ጠበል ያመጡልኝ ባልቴት መንገድ ዳር ቆመው «አላልኳችሁም? ዳነ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ቆሜ እንዳላስረዳ ከዘራው ደረሰብኝ።

አህያዋ እትዬ ደጅ ታስራ ስለነበር የግድ ወደዚያው ተመለስን። አባቴ እያለከለኩ መደቡ ላይ ወደቁ። ሰውም ተከትሎን በሩን መልሶ ሞላው።

«ጠላ አለሽ?»

እትዬ ቀዳች። ሳትቀምስ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ብርጭቆውን ዘረጋችላቸው። አባቴ አልተቀበሏትም።

«ምነው? ያልተቀመሰ ጠላ ልታጠጪኝ ነው?»

«እኔ ከቀመስኩት ሰው አይጠጣልኝም፣ አባባ።»

አባቴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እኔ ዛሬ ጠዋት የምፈራውን ፈርቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የለም። ቅመሺ።»

በመዳፏ ጠብ አደረገች። ቀመሰች፣ ሰጠቻቸው፣ አባቴ እስከ አተላው ጨለጡት። «ጠላሽ ደኅና ነው፤ ድገሚኝ» አሉ። ባለፈው ገበያ የበጎቹን ገመድ የለቀቀው ነጋዴ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እግሩን አስገባ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ሌላውንም አስገብቶ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ።

እትዬ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ አለችና ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«ያንተን ኩባያ ላምጣልህ?» አለችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ታውቅ ኖሯል። ቤቱን የምትጠርገው እሷ፣ አልጋውን የምታነሣው እሷ፤ እንዴት አታውቅም? አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«የለም እትዬ፣ በዚሁ ስጪኝ» አልኩ።

ለእኔም በመዳፏ ቀመሰችልኝ። ብርጭቆውን ስትሰጠኝ ፈገግ ብላ፣

«ጨጓራህስ?» አለችኝ።

ተቀብዬ ጠጣሁ።